ከሰማይ ጠቀሱ በላይ

መስከረም 18

ይድረስ ለልጄ ለጉንጮ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ያው ነው፤ ወገቡን የማያመው ልብስ ሰፊ ካየህ ሥራ የለውም ማለት ነው። ደብዳቤህ ሲደርስ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ይዤ አፌ ስፒል ሞልቶት ነበር። እንደዚያው ሆኜ አነበብኩት። "በጥር ትልቁ ምሽት ላይ ብቻዬን ተነስቼ የምጫወተው እኔ ነኝ" የሚለው ጋ ስደርስ እሰይ ልል አፌን ብከፍት ስፒሉ ሁሉ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ሙሽራዪቱ ደነገጠች። "ልጄ ነው" አልኳት፣ "የእህቴ ልጅ፣ እኔ ያሳደግኩት። ትራምፔት ነፊ ነው፣ ትልቅ ባንድ ውስጥ ገብቷል።" እሷም አብራኝ ተንበርክካ ስፒሉን ለቀመች።

ለጠየቅከኝ፦ አዎ፣ ሸክላዎቹ ደህና ናቸው። አዎ፣ እንደ ድሮው ጠዋት ጨርቅ ስቆርጥ ነው የማሰማቸው። መኪናው ላይ ስቀመጥ አጠፋቸዋለሁ፤ የስፌት መኪና እያንጫጩ ጃዝ መስማት ሰው እያወራህ ጀርባ እንደ መስጠት ነው።

ሙሽራዪቱ "የማንን ዜማ ነው የሚጫወተው?" አለችኝ። "የሰማይ ጠቀሱን" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ምን ላድርግ? ሸክላዎቹን ከነማጫወቻው የገዛኋቸው ባለቤቶቹ ለቅቀው ከሄዱበት ቤት ነው፤ ሽፋናቸው ጠፍቶ፣ መሃላቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቆ። ስም ያወጣንላቸው አንተና እኔ ነን፤ አንተ ገና መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ቁርጥራጭ ላይ ተኝተህ። እናም ሁሉንም አስተዋወቅኳት። ፒያኖ የሚመታው ቆጣቢው ነው፣ አንድ ጣት በሚበቃበት ቦታ ሁለት የማያወጣ። ሳክስፎኑ ነዝናዛው ነው፤ ከጀመረ አያቆምም፣ ግን ውሸት አያውቅም። ባሱ አባወራው ነው፣ ድምፁ ካልተሰማ ቤቱ ይፈርሳል። ዘፋኟ ልጅቷ ናት። ትራምፔት ነፊው ሰማይ ጠቀሱ ደግሞ ያው ሰማይ ጠቀሱ ነው፤ ቀሚሷን እየለካኋት አስደመጥኳት። መጨረሻው ላይ ዓይኗ እንባ አቅርሮ "ይሄ ሰውዬ የት ሊደርስ ነው?" አለችኝ። አየህ፣ ሰምታዋለች!

አንተ ሕፃን ስለነበርክ አታስታውስም። እናትህ የሞተች ሰሞን የመጣው ሁሉ አይዞሽ ሲለኝ ሰነበተ፤ አይዞሽ የሚሉትን ቃል ጠልቼው ነበር። እሱ ብቻ አይዞሽ አላለኝም። ተነስቶ ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንስ ይወርዳል ስትለው ደግሞ ወጣ። ሰው እዚያ ድረስ መውጣት ከቻለ እኔ ከዚህ ወለል መነሳት አያቅተኝም ብዬ ተነሳሁ፤ አንተንም አነሳሁህ። ይኸው ነው። ሌላው ሰው ጃዝ የሚወደው በምን ምክንያት እንደሆነ አላውቅም።

የላክልኝ ማስታወቂያ ግን አናደደኝ። "ከታላቁ በላይ ከፍ የሚለው ወጣት" ይላል። ከማን በላይ? ምን ያለው ባለጌ ነው የጻፈው? አንተ እኮ እሱ ጋ ለመድረስ ስንት ዓመት ደከምክ፤ "ሳትደርስ አትውረድ" እያልኩህ፣ አንገትህ ሥሩ እስኪገተር። ደረስክ፤ ተመስገን። ከሱ በላይ ግን ማንም የለም። ይህን ነገር አስረዳኝ።

እታለምህ

ጥቅምት 24

ለጉንጮ፤

ግማሽ ገጽ! አምስት ሳምንት አስጠብቀኸኝ ግማሽ ገጽ! ከዚያችም ላይ ሲሶው "ይቅርታ እታለም" ነው። ይቅር ብያለሁ፣ ወረቀቱን ለሌላ ነገር አድርገው።

ማስታወቂያውን የባንዱ መሪ ነው የጻፈው፣ ማስታወቂያ ሲባል ይጋነናል ብለሃል። እሺ፣ አልፌዋለሁ። አልፌዋለሁ ስልህ ግን አላለፍኩትም።

ስለ ማጫወቻው ሞተር መጠየቅህ ገረመኝ። ምነው፣ እዚያ አገር ሞተር ጠፋ? ስገዛው የማይሠራ ሬሳ ነበር፤ የሸጡልኝም ለሸክላዎቹ ምራቂ አድርገው ነው። ስከፍተው ሞተሩ ደህና ነው፤ ሸክላውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የሚዞርባት ትንሿ ጎማ ግን ተሰንጥቃ ለሁለት ሆናለች። አሮጌውን የስፌት መኪና ዲናሞ ፈታሁና የሱን ጎማ ገጠምኩላት። ወፈር ትላለች፣ ግን ልክክ ብላ ገባች። ቺንጋውንም ከቀበቶ ቆዳ ሰፋሁለት። የጠጋኝ እጅ ሳይነካው ይኸው እስከ ዛሬ ይሽከረከራል። ሴት ልጅ ሠራችው ብለህ ለባንድህ ንገርልኝ።

ሰሞኑን ማንን እየሰማሁ እንደሆነ ለጠየቅከኝ፣ ልጅቷን ነው። እርጅና ነው መሰለኝ፣ ዘንድሮ ከሁሉም አብልጬ እሷን ነው የምሰማት። ምን ዓይነት ፈጣን ምላስ ናት! ገና አሥራ ስድስት ያልሞላት፣ ውሃ ቀድታ ወደ ቤት የምትሮጥ ይመስለኛል። ስለ ከዳት ሰው ነው የምትዘፍነው ያልከኝ አይዋጥልኝም። የተከዳ ሰው እንደዚያ አይሮጥም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። "ትኩስ ሻይ ትቻለሁ" ብለህ ጽፈሃል። ሾርባም ቀዝቅዞልህ እንደምትጠጣ ጽፈሃል። አንተ ልጅ፣ እኔ ቤት እያለህ ሻይ ካልፈላ ጉሮሮህ የማይከፈት ሰው ነበርክ። ደግሞ መልመጃ ትሠራ እንደሆነ ስጠይቅህ "ሰሞኑን ጣቶቼን ነው የማለማምደው" ትለኛለህ። ጣት ብቻውን ምን ያደርጋል? የሰው ቀሚስ ተጎትቶ የት ጋ እንደተቀደደ ከቁመናው አውቃለሁ፣ አንተን የማላውቅህ መሰለህ?

አፈር ስሆን ጻፍልኝ።

እታለምህ

ኅዳር 11

ለውድ እታለም፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ግማሽ ገጽ በመጻፌ ይቅርታ። ይኸው፣ እንደገና በይቅርታ ጀመርኩ።

ልክ ነሽ። ከንፈሬን ነው። የላይኛው ከንፈሬ ውስጥ ያለው ጡንቻ ተቀዷል። በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ሐኪሟ እንዳለችው ለብዙ ዓመት ትራምፔቱን ከንፈሬ ላይ እየተጫንኩ ስለነፋሁ ነው። እንዳትደነግጪ፤ ከውጪ ምንም አይታይም። ስበላም፣ ስስቅም፣ ስናገርም ደህና ነኝ። ትኩስ ነገር ሲነካው ግን ያቃጥለኛል። ከፍ ያለውን ድምፅ ይዤ ስቆይ ደግሞ ከንፈሬ የኔ መሆኑ ይቀርና ደንዝዞ አየሩ በጎን ያመልጠኛል።

ሐኪሟ ሴት ናት፣ ቀጥተኛ ናት፣ ትወጃታለሽ። አሁኑኑ ካቆምኩ፣ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ካደረግኩና ካረፍኩ ዝቅ ዝቅ ያለውን እስከ እርጅናዬ መጫወት እንደምችል ነግራኛለች። ጥር ላይ ያን ዜማ በዚያ ከፍታ ከተጫወትኩ ግን ስንጥቁ ጠቅልሎ ሊቀደድ ይችላል። ከዚያ በኋላስ ብላት ትከሻዋን ሰበቀች። ፉጨት እንኳ ላያወጣልህ ይችላል አለችኝ።

እታለም፣ እኔ መጫወቴ አይቀርም። ስታነቢው እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ግን ስሚኝ። ሰዎች ለዚያ ምሽት የሚመጡት ለዚያች ከፍታ ነው። የባንዱ መሪ ዓመቱን ሙሉ የደገሰው በሷ ላይ ነው። ያቺን ከተውኩ እዚህ ከተማ ውስጥ እንደኔ ያለ ትራምፔት ነፊ በየመንገዱ ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ የፈለገው ይሁን። አንድ ጊዜ እዚያ ላይ ቆሜ ልታይ፤ አንቺም በሬዲዮ ትሰሚኛለሽ፣ በቀጥታ ነው የሚያስተላልፉት። አሁን ብተወው ምን ይዤ ነው ፊትሽ የምቆመው?

ሙሽራዪቱ ተዳረች?

ጉንጮሽ

ኅዳር 30

ለልጄ፤

ሙሽራዪቱ ተዳረች፣ ቀሚሷም አማረ፣ እሷን ተዋት።

ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ ሥራ አልያዝልህ አለኝ። አንድ ሱሪ ሁለቱንም እግር በአንድ ጎን ሰፋሁት። ከዚያ የሞተሯ ጎማ ትዝ አለችኝ። ከንፈሩ የተቀደደ ሰው ስለ ማጫወቻ ጎማ ምን አስጨነቀው? ማጫወቻውን በአንሶላ ጠቅልዬ መንገዱን ተሻግሬ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። ከፈተ፣ አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ። "እመቤቴ፣ ይሄ እኮ ሲሮጥ ነው የኖረው፤ ጎማዋ ወፍራ ሸክላውን ታፈጥናለች፣ ድምፁንም ታቀጥናለች" አለኝ። ልኳን ጎማ ከሌላ አሮጌ ማጫወቻ አውጥቶ ገጠመልኝና እዚያው ሱቁ ውስጥ ልጅቷን አስቀመጥናት።

ጉንጮ፣ ልጅቷ ልጅ አይደለችም። ሴት ናት። የኔ እኩያ የሆነች፣ ድምጿ የወፈረ፣ ብዙ ያየች ሴት ናት። አትሮጥም። የምትደርስበት ቤት የላትም። ስንት ዓመት ሙሉ አንቺ ልጅ እያልኩ ስስቅባት ኖርኩ፣ እሷ ለካ ስታለቅስ ነበር። በሰው ሱቅ ውስጥ ሰው እያየኝ እንባዬ ፈሰሰ።

ከዚያ ሰማይ ጠቀሱን አስቀመጥን። ምን ልበልህ? እዚያ የለም። እኔ የማውቀው ቦታ ላይ የለም። ከታች ነው ያለው፣ ዝግ ብሎ፣ የደከመው ሰው ይመስላል። እናትህ የሞተች ጊዜ ይዞኝ የወጣው ሰው ማነው ታዲያ? የስፌት መኪና ዲናሞ ነው? አንድ ጊዜ በሬዲዮ ይህንኑ ዜማ ሰምተን አንተና እኔ "ይሄ የሚያንቀላፋ አስመሳይ ማነው" ብለን የዘጋነው ትዝ ይልሃል? እሱ ራሱ ነበር! ራሱን ነው የዘጋነው! ወይ ጉድ!

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተሳስቶ ጃዝ ቢሰማ አይሞትም። አንተ ግን ልጅ ነበርክ። አጠገቡ ቆመህ በዚያ በትንሽ አፍህ ማንም ሰው ያልወጣበትን ስትወጣ፣ እኔ መቀስ ይዤ "ሳትደርስ አትውረድ" እልሃለሁ። አፌ ቁርጥ ይበልልኝ። ከንፈርህን የቀደደው እኔ የገጠምኩት ጎማ ነው።

ደግሞ አንተ ታውቅ ነበር! ጎማዋን የጠየቅከኝ አውቀህ ነው። ከታላቁ በላይ የሚለው ማስታወቂያም ማጋነን አይደለም፣ እውነት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስሰማ ኖሬ በራሴ ደረሰ። ማን ደብቅልኝ አለህ?

አትጫወተው። ጥር ላይ እዚያ እንዳትወጣ። እለምንሃለሁም፣ አዝሃለሁም፤ የቱን እንደምትሰማ አላውቅምና ሁለቱንም ወስደህ አንዱን አድርግ። ማጫወቻውን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንንም አልሰማም። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው።

እታለምህ

ታኅሣሥ 14

ለውድ እታለም፤

ተቆጥተሽ ስትጽፊ ፊደልሽ ይበልጥ ያምራል። ይሄን ያልኩት እንዳትቆጪ ነው፤ እንደምትቆጪ ግን አውቃለሁ።

አዎ፣ አውቅ ነበር። ባንዱ ውስጥ የገባሁ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዜማ አብረን ስንለማመድ ነው የገባኝ። መሪው እጁን አነሳ፣ ሁሉም ገቡ፣ የኔ ተራ ሲደርስ ተነስቼ በማውቀው ጀመርኩ። ከሁሉም በላይ ወጥቼ፣ ከሁሉም ፈጥኜ። ሃያ ሰው ወደ አንድ በር ሲሄድ እኔ ብቻዬን ወደ ሌላ በር። ሳቁ። ባስ የሚመታው ሰው ሳቁን መያዝ አቅቶት መሣሪያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈው። እኔ ግን እነሱ የተሳሳቱ ነበር የመሰለኝ፤ እንዲያውም መሪውን "ዝቅ አድርጋችሁት ነው" ብዬው ነበር። ዋናውን ቅጂ አምጥቶ አሰማኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እሱ ግን አልሳቀም። ብቻዬን ቢሮው አስገብቶ "እንደ ጀመርከው ድገመው" አለኝ። ደገምኩለት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ "ይሄን ሌላ ሰው ሊያደርገው አይችልም" አለ። በማግስቱ ባንዱ በሙሉ በኔ ከፍታ እንዲጫወት አዘዘ። ማስታወቂያው የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ እታለም፣ የገጠምሽው ጎማ ሰው አደረገኝ። ከንፈሬን ብቻ አይደለም የሰጠኝ። ለዚህ ነው ልነግርሽ ያልፈለግኩት፤ ስለ ጎማዋ የጠየቅኩሽም ምናልባት ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆን ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ሰማይ ጠቀሱን ልወስድብሽ አልቻልኩም። እሱ ከሌለ ያኔ በምን ተነሳሽ?

አሁን ግን ጨርቁን አንሺው። እለምንሻለሁ። ሁልጊዜ አንቺ ነሽ ምን እንደምሰማ የምትነግሪኝ፤ አንድ ጊዜ እኔ ልንገርሽ። ልጅቷን ተያት፣ አንቺ ራስሽ አግኝተሻታል። ቆጣቢውን አስቀምጪ። በኛ ቤት ቆጣቢ ያልነው በሚሮጥ ማጫወቻ ነው፤ በልኩ ሲሄድማ በአንዱና በሌላው ጣቱ መሃል ሰው ተነስቶ መስኮት ሊዘጋ ይችላል። ያን ክፍተት አትፍሪው። እሱ ዝም ሲል አባወራው ከሥር ምን እያለ እንደሆነ ስሚ፤ በኛ ቤት አባወራው ሲሮጥ ስለነበር ያለው ነገር አይሰማም ነበር።

ከዚያ ሰማይ ጠቀሱን። ከፍታውን አትፈልጊው። ከፍታ የለም። መሃል ላይ አንድ ድምፅ አለ፤ መጥቶ ሊወጣ ይልና ይተወዋል። ሊወጣ ይችል ነበር እኮ፣ ጉልበት አላነሰውም፣ ሌላ ቦታ ላይ ሲያደርገው ሰምቻለሁ። ተወው። እኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርሽም። ለምን እንደተወው ግን አልገባኝም። ከገባሽ ጻፊልኝ።

ስለ ጥር አልወሰንኩም። አልዋሽሽም። ጠዋት ስነሳ እተዋለሁ እላለሁ፤ ልምምድ ላይ እነሱ ከኋላዬ ሲገቡ ደግሞ እግሬ ብቻውን ይነሳል። ያለዚያች ከፍታ ማን እንደምሆን አላውቅም፣ እታለም። እውነቱ ይኸው ነው። እፈራለሁ።

ጉንጮሽ

ታኅሣሥ 27

ለልጄ ለጉንጮ፤

ይህን በፖስታ ቤቷ ልጅ እግር ሥር ወድቄ በፍጥነት ነው የማስልከው፣ ከምሽቱ በፊት ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ስለዚህ አሳጥረዋለሁ፤ ማሳጠር ግን አላውቅበትም።

ጨርቁን አነሳሁት። መጀመሪያ ቀን ዝም ብዬ አየሁትና መልሼ ሸፈንኩት። በማግስቱ ከሥራ በፊት አስቀመጥኩት፣ ጨርቅም አልቆረጥኩ፣ እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ቆጣቢውን እንዳልከኝ ሰማሁት። ዝም ሲል ፈራሁ፤ ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ መሆኔን ያሳስባል። አባወራው ግን ከሥር አለሁ አለሁ ይላል። በዚህ ሁሉ ዓመት አባወራው እንዲህ ለስላሳ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር።

ያልከውን ቦታም ሰማሁት፤ ሊወጣ ይልና የሚተወውን። ለምን ተወው ላልከኝ፣ እኔ የመሰለኝን ልንገርህ። እኔ እናትህን ሳስታምም በመጨረሻው ሰሞን ደጅ ወጥቼ መጮህ እችል ነበር። ጉልበት አልጎደለኝም። እሷ ስለምትሰማኝ ተውኩት። በዝግታ አነጋገርኳት፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ አንተ ጥርስ። የዚህ ሰው ነገር እንደዚያ ነው። አጠገቡ የሚያስታምመው ሰው ያለ ይመስለኛል። ከኔ ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር ለካ፣ እኔ ነኝ በጎማ ያሯሯጥኩት።

ስለዚህ ሰማይ ጠቀሱን ወሰድኩብሽ ብለህ አትዘን። የበለጠ ሰጥተኸኛል።

አሁን ስማኝ። በፊተኛው ደብዳቤ አዝሃለሁ ያልኩትን ሰርዤዋለሁ። ከንፈሩ ያንተ ነው። ማን እንደምሆን አላውቅም ላልከው ግን እኔ አውቃለሁ። እናትህ ለኔ ስታስረክብህ ትራምፔት አልነበረህም። ስምህን እንኳ መጥራት አትችልም ነበር፤ ራቁትህን በፎጣ ተጠቅልለህ ነው የሰጠችኝ፣ እኔም አንድም ነገር ሳትነፋልኝ ወደድኩህ። ምን ይዤ ፊትሽ እቆማለሁ ትለኛለህ? እግርህን ይዘህ ቁም። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም፣ የጠየቅኩህ ከመሰለህ ይቅር በለኝ።

ሬዲዮውን እከፍታለሁ። ብትወጣም፣ ብትወርድም፣ ጭራሽ ባትነሳም አለሁ።

እታለምህ

ጥር 19

ለውድ እታለም፤

ደብዳቤሽ በምሽቱ ዋዜማ ደረሰኝ። ለፖስታ ቤቷ ልጅ ምስጋናዬን አድርሺልኝ።

ሳልጽፍልሽ ሰነበትኩ፣ ይቅርታ። የራሴ ጉዳይ እስኪለይ ብዬ ነው። አሁን ተለይቷል።

ከመግባታችን በፊት ለመሪው ነገርኩት። እንደ ዋናው ቅጂ ዝቅ አድርገን ካልሆነ አልነሳም አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ሬዲዮው ገመዱን ዘርግቷል፣ ሌላ ምን ያድርግ? ለባንዱ በጆሮ ተላለፈ፤ ባስ የሚመታው ሰው ብቻ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ አለፈ። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። የቀረውን ሬዲዮው ነግሮሻል፤ እኔ ስለዚያ መጻፍ አልችልም።

ስጨርስ ማጨብጨባቸውን ለመስማት ጠበቅኩ። ጥቂት ሰው አጨበጨበ። ከፊት ያሉት እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰው መቼ ይመጣል የሚሉ ይመስላሉ። አንዱማ ኮቱን አንስቶ ወጣ። በማግስቱ መሪው አስጠራኝ። ስድብ የለም፣ ጨዋ ሰው ነው። ከፊተኛው ወንበር ተነስቼ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከሁሉም ዝቅ ያለውን የሚይዘው ቦታ ላይ እንደምቀመጥ ነገረኝ፤ እሱም ከሕክምናው በኋላ ነው። የፊቱን ቦታ ለሌላ ሰጥቶታል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ልጠላው ሞክሬ አልቻልኩም።

ቀዶ ሕክምናው ባለፈው ሳምንት ተደረገልኝ። ሐኪሟ ስንጥቁ አልባሰም ብላለች። አሁን በፋሻ ነው ያለሁት፣ ስስቅ ያመኛል፣ ስለዚህ ቀልድ እንዳትጽፊልኝ። እስከ ፋሲካ ማግስት ድረስ መንፋት ክልክል ነው። ክፍሌ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ከብዶኛል። ትራምፔቱን አልጋ ሥር አስገብቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ እውነቱን። ከአዳራሹ ሰው ፊት ያነበብኩትን አንብቤያለሁ፤ አንቺ ግን ፊትሽን አላየሁትም። ምን ሰማሽ?

ጉንጮሽ

የካቲት 3

ለልጄ ለጉንጮ፤

እንኳን እግዜር አተረፈህ። ተመስገን ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? ቀልድ እንዳልጽፍ ከልክለኸኛል፤ ፋሻህ እስኪፈታ ምላሴን ይዤልሃለሁ።

የሰማሁትን ልንገርህ። ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። ሬዲዮ ጠጋኙ ከነሚስቱ መጣ፣ ያች ሙሽራም ባሏን ይዛ መጣች፤ ባልየው ጃዝ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ግን ጨዋ ነው፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሬዲዮውን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምነው። የባንዱን ስም ሲጠሩ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። እውነቱን በይ ካልከኝ፣ ስትነሳ ዓይኔን ጨፍኜ "እንዳይወጣ፣ እንዳይወጣ" ስል ነበር፤ ትራምፔት ለሚነፋ ልጅ እንዲህ ብላ የጸለየች እናት ያለች አይመስለኝም።

ከታች ጀመርክ። ዝግ ብለህ። ሙሽራዪቱ አየችኝ፤ ያ የምታውቀው አለመሆኑ ገብቷታል። የሱን ልክ ይዘህ ሄድክ፣ የራስህን አልጨመርክበትም፣ አላጌጥክም። ያን የሚተወውን ቦታ ደረስክበት፣ አንተም ተውከው። እዚያ ጋ፣ በተውክበት መሃል ላይ፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሬዲዮው ያፏጨ መሰለኝና ቁልፉን ልነካ እጄን ዘረጋሁ። ጠጋኙ "ተይው፣ ሬዲዮው አይደለም" አለኝ። አንተ ነህ። ትንፋሽ ስትስብ ነው።

ጉንጮ፣ እኔ ቤት ስትነፋ ነው ያደግከው። ጠዋት ስትነፋ፣ ከትምህርት ቤት መጥተህ ስትነፋ፣ ራት ቀርቦ ስትነፋ። አንድም ቀን ስትተነፍስ ሰምቼህ አላውቅም። እንዴት ልስማህ? ከኋላህ የሚያሯሩጥህ ነገር ነበር፣ አንዱም እኔ ነኝ። ባለፈው ወር በሰው ሁሉ ፊት፣ ስንት አገር አቋርጦ፣ ልጄ ቆሞ እንደ ሰው አየር ሲስብ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዜማ አልሰማሁትም፣ ይቅር በለኝ። ሁለተኛ እስክትተነፍስ ነበር የምጠብቀው። አዳራሹ ውስጥ ማን እንዳጨበጨበ፣ ማን ኮቱን እንዳነሳ አላውቅም። እኛ ጋ ማንም አላጨበጨበም። ሙሽራዪቱ ብቻ ጉልበቴን ያዘችኝ።

ቦታህን ለሌላ በመስጠታቸው አዝኛለሁ። አላዘንኩም ብል ውሸት ነው። ፊት መቀመጥ ይገባህ ነበር። መጨረሻ ረድፍ ላይ ግን አባወራውን በቅርብ ትሰማዋለህ፣ እሱም ቀላል አይደለም።

ክፍልህ ውስጥ ብቻህን አትቀመጥ። ፋሲካ ድረስ ና። አልጋህን ከመስኮቱ አጠገብ ዘርግቼዋለሁ፣ ብርሃን ይገባል። ትራምፔቱን ብትፈልግ ይዘኸው ና፣ ብትፈልግ አልጋው ሥር ተወው፤ እኔ ምንም እንድትነፋልኝ አልፈልግም። አንተ ቁጭ ብለህ ትተነፍሳለህ፣ እኔ አጠገብህ በእጄ እሰፋለሁ።

እታለምህ